በእናቴ አንገት ላይ የነበረው ፊት

ይህን ልጽፍ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ። ለወትሮው እጄ ፈጣን ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ የሱቅ ታፔላ እየጻፍኩ ነው የምኖረው። ሥጋ ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ በየመንገዱ ዳር በብሩሽ የተጻፈ ካያችሁ አብዛኛው የእኔ ነው። የቀረው በማሽን የሚታተም ባነር ነው፤ እሱን አልወደውም፣ እንጀራዬንም እየበላብኝ ነው። ብሩሽ መያዝ ያስተማረኝ አባቴ ነው። አባቴ አንኮበር ላይ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይሥል ነበር፤ እኔ ደግሞ በልጅነቴ ቀለሙን አሻለትና ብሩሹን አጥብለት ነበር።

እናቴ ማተቧ ላይ የምታስረው ብር ነበራት። ጠገራ ብር አይደለም፤ ከጠገራው ያንሳል። ከእናቷ የወረሰችው ነው፣ እናቷም ከእናቷ። አንዳንዱ ዘመዳችን ከባሕር የሚመጣ ነጋዴ አሊዩ አምባ ገበያ ጭነቱን ያራግፍ በነበረበት ዘመን በበርበሬ ተለውጦ የመጣ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ወደ አንኮበር ቤተ መንግሥት ከመጡት ፈረንጆች እጅ የወጣ ነው ይላል። እውነቱን የሚያውቅ የለም። እኛ ቤት ስሙ "ባለ መስቀሉ" ነው።

እንዲህ የተባለው በአንደኛው ገጹ ምክንያት ነው። አራት ጋሻ አለበት። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ ሁለቱ በግራና በቀኝ ሆነው አንድ ላይ ሲታዩ መስቀል ይሠራሉ። በየጋሻው ራስ ላይ ዘውድ ተደፍቷል። በአንደኛው ጋሻ ላይ ሦስት አንበሶች ተደራርበው ይሄዳሉ፤ በሌላው አንድ አንበሳ ብቻውን በኋላ እግሩ ቆሟል፤ በሌላው ሦስት አበባ አለ፤ በአራተኛው በገና። መካከሉ ላይም ትንሽ አንበሳ አለች። እንግዲህ ለአንኮበር ሰው ከዚህ በላይ ምን ይምጣለት? መስቀል፣ ዘውድ፣ አንበሳ፣ የዳዊት በገና። ፈረንጅ ለራሱ ጉዳይ የቀረጸው ነው ብሎ ያሰበ አልነበረም። አባቴ እንኳ በማይወደው ሥራ ላይ ምሕረት የማያውቅ ሰው ሆኖ፣ ይህን ገጽ ሲያይ "የሠራው እጅ ጾመኛ ነው" ይል ነበር።

በሌላው ገጽ የሰው ፊት ነበር። በጎን የሚያይ ፊት ነው፤ ጸጉሩ እየተጠቀለለ ትከሻው ላይ የወደቀ፣ ማናችንም የማናነበው ፊደል ዙሪያውን የከበበው። ፊቱ ከብዙ መዳሰስ የተነሣ ሟሙቷል። አፍንጫው የለም ማለት ይቻላል፣ አገጩ ለስልሶ ከአንገቱ ጋር ገጥሟል፣ ጉንጩ ብቻ ሞላ ብሎ ይታያል። ደህና የቀረው ጸጉሩ ነበር፤ መስመሩ ጠልቆ ስለተቀረጸ። ከጸጉሩ ሥር የጤፍ ፍሬ የምታህል አንድ ዓይን ነበረችው።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያች ዓይን ነው። በእኛ ሥዕል ጻድቅ ሰው ፊቱን ሙሉ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው፣ ጌታን የገረፉት ጭፍሮች ናቸው። ይህ ለሠዓሊ ልጅ ከሀሁ ይቀድማል። አንድ ጊዜ፣ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ በቁራጭ ሰሌዳ ላይ መልአክ ሣልኩና ቦታ ቢጠበኝ በጎን አደረግሁት። አባቴ በብሩሹ እጀታ እጄን መታ አደረገና "መልአኩ ምን አደረገሽ?" አለኝ። ስለዚህ የብሩን ሰውዬ ባየሁት ቁጥር ክፉ ሰው ነው ብዬ ነው ያደግሁት። አባቴም "መስቀሉ ባይኖርበት ከደጄ አላስገባውም ነበር" ይል ነበር፤ ግማሽ ቀልድ፣ ግማሽ የምር።

እናቴ ብሩን ሁልጊዜ መስቀሉን ወደ ውጭ፣ ፊቱን ወደ ደረቷ አድርጋ ነው የምታስረው። ሥራ ስትፈታ አውራ ጣቷ ወደ አንገቷ ይሄድና በብሩ ጀርባ በኩል ሲያሽ ይቆያል። እኔ ፊቱን ወደ ውስጥ የምታዞረው አፍራበት ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ጠይቄያት አላውቅም።

አባቴ ካረፈ በኋላ በሁለተኛው ዓመት ደብረ ብርሃን ላይ ጥሩ ሥራ አገኘሁ። ለጥምቀት ወደ አንኮበር ስወጣ ለእናቴ ምን ልውሰድላት እያልኩ አሰብኩ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላልና ልጅ ሁሉ ለእናቱ ቀሚስ ነው የሚገዛው። እኔ ግን ከሰው የተለየ ነገር ካላደረግሁ አይሆንልኝም። ያንን ክፉ ፊት ከአንገቷ ላነሣላት፣ በቦታው የክርስትና ስሟን ላስቀርጽላት ወሰንኩ። ፊደሉን ራሴ ነደፍኩት። አንድ ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ አባቴ በሥዕል ግርጌ ይጽፍ እንደነበረው ዓይነት ቁም ፊደል ሣልኩና አጠፋሁ፣ ሣልኩና አጠፋሁ። ከጻፍኩት ፊደል ሁሉ እሱን ያህል ያማረልኝ የለም።

ለእናቴ የብሩ ማንጠልጠያ ቀለበት ሳስቷል፣ ላስቀይርልሽ ነው አልኳት። መሳሳቱ እውነት ነበር፤ የዋሸሁት በእውነት ነው። ማተቧን ፈትታ ብሩን መዳፏ ውስጥ ጨበጠችው።

"ዛሬውኑ ትመልሽዋለሽ?" አለችኝ።

"ዛሬውኑ።"

ትንሽ ይዛው ቆየችና ሰጠችኝ።

አሊዩ አምባ ወረድኩ። ከአንኮበር ቁልቁል ሲወርዱት ብርዱ በየኩርባው ጋቢውን እያወለቀ ይሄዳል፤ ታች ስደርስ ላብ አጥምቆኛል። የገበያ ቀን ነበር። አንጥረኛው ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ የአያቶቻቸውም ሥራ ይኸው ነው። ብሩን ተቀብለው መስቀሉን አዩ፣ ፊቱን አዩ፣ ከዚያ ጠርዙን ወደ ብርሃን አድርገው ቀስ ብለው አዞሩት።

"ጠርዙን አየሽው? ዙሪያውን ተጽፎበታል። ሌባ በመቀስ እንዳይከረክመው ነው። እንዲህ ያለ እጄ ገብቶ አያውቅም" አሉኝ።

"ፊቱን ፍቀው ያለስልሱልኝና ይህን ይቅረጹበት" ብዬ ወረቀቴን ሰጠኋቸው።

ወረቀቱን ሳያዩ "የማን ነው?" አሉኝ።

"የእናቴ።"

"ፈቅዳለች?"

"አዎ።"

"ወላሂ ልጄ፣ የተሰበረ ብር ይበየዳል። የተፋቀ ግን አይመለስም። ፈቅዳለች?"

"አዎ አልኩዎት እኮ" አልኩ። ቁጣም ቢጤ ነበረብኝ።

ሞረዳቸውን አነሡ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ አየሁ፤ ደስ እያለኝ ነው ያየሁት፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም። መጀመሪያ ጉንጩ ሄደ፣ ከዚያ ዓይኑ። ጸጉሩ ብዙ አስቸገራቸው፤ ጠልቆ ስለነበር ከሁሉ ኋላ የጠፋው እሱ ነው። የወረደውን የብር ዱቄት በወረቀት ላይ ሰብስበው፣ አጣጥፈው "ይህም የእናትሽ ነው፣ አማና ነው፣ አደራ" ብለው ሰጡኝ። አቀበቱን ስወጣ ኪሴ ውስጥ ነበር። ከዚያ በኋላ የት እንደጣልኩት አላስታውስም።

እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር የምትጠብቀኝ። ብሩን ተቀብላ መስቀሉን አየች። ገለበጠችው። ፊደሌ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል። ብዙ ጊዜ አየችው፤ እኔ ከደስታ ብዛት ነው ብዬ ጠበቅሁ።

"ፊደሉ ያምራል። ያንቺ እጅ ነው?" አለችኝ።

"የኔ ነው።"

"እግዜር ይስጥልኝ ልጄ።"

አሰረችው። በማግስቱ ራሴን አሞኛል ብላ ታቦት ሳትሸኝ ቀረች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እኔም ስጦታዬን አንገቷ ላይ አድርጋ ሰው መሃል አለመውጣቷ ከፋኝና ደብረ ብርሃን እስክመለስ አኮረፍኳት።

እግሯ እምቢ ሲላት እኔ ዘንድ አመጣኋት። ከመጣች ሁለት ዓመት አልፏታል። ባለፈው ዓመት አዲሱን መታወቂያ ለማውጣት ለምዝገባ ወሰድኳት። መዝጋቢው ልጅ ጨዋ ነው፤ ወንበር አመጣላት፣ ነጠላዋን ከፊቷ ገለል አደረገላት፣ "እማማ፣ ቀጥ ብለው ወደዚህ ይዩ" አላትና ፎቶ አነሣት። ፊቷ ኮምፒዩተሩ ላይ ወጣ። ዘንበል ብላ አየችውና ጠየቀችው።

"ልጄ፣ ይሄ ነገር የሞተ ሰውም ያወጣል?"

ልጁ ሳቀ። ተራ የሚጠብቁትም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እናቴም ሰው ላለማሳፈር ፈገግ አለች።

ባጃጅ ውስጥ ገብተን መንገዱን ካጋመስን በኋላ ነው የተናገረችው፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ።

"ካንቺ በፊት ወንድም ነበረሽ።"

"አውቃለሁ እማ።"

"አታውቂም። መሞቱን ነው የምታውቂው።"

ልክ ነበረች። ከእኔ በፊት ልጆች እንደሞቱባት አውቃለሁ፤ ነገር ግን የሞተ ልጅ ወሬ እኛ ቤት ተነሥቶ አያውቅም፣ የቀረውን ልጅ ይጎዳል ይባላል። እናቴ ያን ቀን ነገረችኝ። ከእሱ በፊት ሁለት ስለሞቱባት እሱ ሲወለድ ጸጉሩን ለእመቤታችን ተሳለች። አምስት ዓመት ሲሞላው በዓሏ ቀን ደጇ ላይ ሊላጭ ነው። እስከዚያ ምላጭ አይነካውም። ጸጉሩ ትከሻው ላይ ይወድቅ ነበር። ሰው ሁሉ ሴት ልጅ ትመስለው ነበር። አራት ዓመት ከጥቂት ወር ሲሆነው ኩፍኝ ያዘው።

"ከነጸጉሩ ቀበርነው" አለችኝ።

ፎቶ የለውም። ፎቶ የሚያነሣ ሰው ያኔ ያለው ደብረ ብርሃን ነው፤ ወርደንም ወጥተንም ሳናደርሰው ቀረን አለች። አባቴን ሣልልኝ ብላው ነበር። መጀመሪያ የሥጋ ልጅ ከቅዱሳን ጋር አይሣልም አላት። ለብቻው ሣልልኝ ስትለው ብሩሹን ያዘ፣ ቀለሙን በጠበጠ፣ ሰሌዳው ፊት ተቀመጠና አለቀሰ። ሁለተኛ አልጠየቀችውም።

"ከዚያ አንድ ቀን ስታጠብ ብሩ ተገለበጠ። እዪኝ አለኝ። ጸጉሩ ያው የሱ ጸጉር ነው። ፊቱ ግን የትልቅ ሰው ሆኖ እምቢ አለኝ። በጣቴ አሸሁት። ዓመት ከዓመት አሸሁት። እያሸሁ እያሸሁ ልጅ አደረግሁት።"

ባጃጁ የት እንደደረሰ አላውቅም። ከእኛ ሰፈር አልፎ ሄዶ ሾፌሩ ነው የመለሰን።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ምን ብዬ ልንገርሽ? የፈረንጅ ብር ላይ ልጄ አለ ብዬ?"

"ፍቄ ሳመጣልሽስ?"

"ደስ ብሎሽ ነበራ።"

ያን ቀን ቤት ገብቼ እግሯ ላይ ወደቅሁ። እሷ ናት ያነሣችኝ። "ተይ፣ አልጠፋም እኮ። ዓይኔን ስጨፍን ይመጣል፤ ጣቴም ያውቀዋል። ሞረድ ብሩን እንጂ እዚህ ያለውን አይነካም" ብላ ደረቷን ነካ አደረገች። እዚህ ላይ ብተወው ኖሮ የሚበቃኝን ያህል ጥፋት አጥፍቼ፣ የሚበቃኝን ያህል ምሕረት አግኝቼ ነበር።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይላሉ። እኔ ማፈስ ጀመርኩ። እናቴ ስትተኛ ባለ መስቀሉን ገጽ በስልኬ አነሣሁትና ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁት። አንድ ሰዓት አልፈጀም። የእንግሊዞች ብር ነው፣ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የሆነው። ጋሻዎቹ ንጉሡ ግዛቴ የሚላቸው አገሮች ናቸው፤ አንበሶቹ የእነሱ ናቸው፣ አበባው የፈረንሳይ ነው፣ የዳዊት ነው ያልነው በገና የአየርላንድ ነው። የፊቱም ገጽ ነበር። አንድ ሰብሳቢ ያስቀመጠው፣ ሰው እጅ ገብቶ የማያውቅ የሚመስል፣ መስመሩ ሁሉ ሹል የሆነ። ንጉሡ ነው። ራሱ ላይ የቅጠል አክሊል አስሯል፣ ትከሻው ላይ መጎናጸፊያ ተቋጥሯል፣ ጸጉሩ እንደሚታወቀው ነው። አሠራሩን ለማድነቅ እንኳ ጊዜ አልሰጠሁም። እናቴ መተኛቷን ረስቼ አገኘሁት ብዬ ጮኽኩ።

በማግስቱ የምጠላው ባነር ቤት ሄድኩ። ፊቱን አሳድገው በቀለም እንዲያትሙልኝ አዘዝኩ፤ የእንጀራ ትሪ ያህል አድርገው አተሙልኝ። መስተዋት ያለው ፍሬም ገዛሁለት። ሳየው አፍንጫው እንደ ጭልፊት መሆኑን፣ ከንፈሩ ጭምት ያለ፣ ጉንጩ የጎደጎደ ሰው መሆኑን አይቻለሁ። ግን እኔ የማየው ጸጉሩን ነበር። እሷም ጸጉሩን ታያለች ብዬ ነው ያሰብኩት።

እናቴ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። ፍሬሙን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። መነጽሯን አደረገች።

"ይሄ ማነው?"

"ብሩ ላይ የነበረው ነው እማ። ያው እሱ ነው። መጀመሪያ ሲሠራ እንዲህ ነበር።"

"ይሄ ሽማግሌ ነው።"

"ሳይዳሰስ ስለሆነ ነው። ጸጉሩን እይው።"

ጣቷን መስተዋቱ ላይ አድርጋ አፍንጫው ላይ ሄደች፣ ከንፈሩ ላይ ሄደች። "አፍንጫው እንዲህ ነበር?" አለች። አዎ አልኳት። "ንጉሥ ነው?" አለች። ንጉሥ ነው አልኳት። መነጽሯን አወለቀችና አጣጠፈችው።

"አንሺው" አለችኝ።

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ከቁም ሳጥኑ ኋላ አስቀመጥኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ አውራ ጣቷ ወደ አንገቷ ሲሄድ አይቼው አላውቅም። ስትተኛም ስትነሣም አጤናት ጀመር። ዓይኗን ጨፍና ትቆይና በድንገት ትገልጠዋለች፣ ልክ ያልጠበቀችው ሰው በር እንደከፈተባት። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነች። በመጨረሻ አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ራሴው ጠየቅኋት።

"ያ ሰውዬ ነው የሚመጣው" አለችኝ። "ልጄን ስጠራው ያ ሰውዬ ይመጣል። አፍንጫውን ይዞ ይመጣል። ሂድ እለዋለሁ፣ አይሄድም።"

ተነሥቼ ወረቀትና እርሳስ አመጣሁ። አባቴ ያልቻለውን እኔ እችላለሁ ብዬ አይደለም፤ ሌላ የማውቀው ሥራ ስለሌለኝ ነው። "ንገሪኝ፣ እሥለዋለሁ" አልኳት። አጠገቧ ተቀመጥኩ። በጸጉሩ ጀመርን። ግንባሩ ላይ ወዴት እንደሚከፈል፣ ጆሮውን ይሸፍነው እንደሆነ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ይጠቀለል ወይ ወደ ውጭ፣ ሁሉንም ነገረችኝ። ስሕተቴን አረመችኝ። "አዎ፣ እንደሱ፣ እንደሱ ነው" አለች፣ ድምጿም ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ትከሻው ድረስ አወረድኩት።

"ዓይኑስ?" አልኳት።

ዓይኗን ጨፈነች። እርሳሴን ወረቀቱ ላይ እንደደገፍኩ ጠበቅኋት። ዓይኗን ስትገልጥ ፈርታ ነበር።

"ምን ዓይነት ነበር?" አለችኝ።

"እማ፣ እኔ አላየሁትም እኮ።"

"እኮ ምን ዓይነት ነበር ልጄ? ንገሪኝ።"

እጇን ያዝኩ። ያን ልጅ አይቶ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ እናቴ ብቻ ቀርታ ነበር፤ አሁን ፊቱን የሚያስታውስ ማንም የለም። ከእሷ ላይ የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለምወዳት። የገዛ ስሟን ረስታ ደግማ ደጋግማ እንደምትጠይቅ ሰው ያንኑ ጥያቄ ትጠይቀኝ ነበር፤ እኔም አላውቅም፣ አላውቅም እላት ነበር።